ማበጀትና መጠበቅ

በ1942 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 10 ቀን (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ፣ ጆንስ ላቦራቶሪ በተባለው ሕንጻ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ካኒንግሃምና ወርነር የተባሉ ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከቀጭን የኳርትዝ ክር በተሠራ ሚዛን ላይ አንድ ነገር አኖሩና መዘኑት። ክብደቱ 2.77 ማይክሮግራም ሆነ። ማይክሮግራም አንድ ግራም ለሚሊዮን ሲከፈል የሚደርሰው እጅ ነውና፣ በማዕድ ላይ የምናገኛት አንዲት የጨው ቅንጣት እንኳ ከዚያ ነገር ጋር ብትመዘን ብዙ እጥፍ በከበደችው ነበር። ነገሩም ፕሉቶኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነበር፤ የሰው ልጅ በጥበቡ አንዱን ንጥረ ነገር ወደ ሌላ ለውጦ ያስገኘውን አዲስ ንጥረ ነገር በሚዛን ላይ አኑሮ ያየበት የመጀመሪያው ቀን ይህ ነው።

ያ ፕሉቶኒየም ከየት ተገኘ? ከኑክሌር ማብላያ ነው እንዳይባል፣ በዚያ ቀን ሰው የሠራው አንድም ማብላያ በዓለም ላይ አልነበረም፤ የመጀመሪያው በዚያችው በቺካጎ ከተማ ሥራውን የጀመረው ከሦስት ወር ያህል በኋላ፣ ዲሴምበር 2 ቀን ነው። የተገኘው ሲክሎትሮን ከሚባለው መኪና ነበር። ይህም ኧርነስት ሎውረንስ በካሊፎርኒያ በበርክሊ ያስገኘው፣ ከዓይን የተሰወሩትን ቅንጣቶች በማግኔት እያዞረ፣ በኤሌክትሪክ ኀይል እየገፋ፣ ፍጥነታቸውንም ደጋግሞ እየጨመረ፣ በመጨረሻ ወደ ታሰበው ዒላማ የሚወረውር መኪና ነው፤ ግሌን ሲቦርግና ባልንጀሮቹም በ1941 መጀመሪያ ላይ የፕሉቶኒየምን መኖር ያረጋገጡት በዚሁ መኪና ነው። በበርክሊና በሴንት ልዊስ በነበሩት ሲክሎትሮኖች ብዙ ኪሎ የሚመዝን የዩራኒየም ጨው ሲደበደብ ሰንብቶ፣ ከዚያ ሁሉ ክምር ውስጥ ተለቅሞ የወጣው ያ በሚዛን ላይ የተኛው ትቢያ ነበር። እንግዲህ በታሪክ ረገድ ነዳጁ ማብላያውን ቀደመው፤ ነዳጁንም ያስገኘው የቅንጣት ማፋጠኛው ነው። በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት ለማብላያዎች የሚሆነውን ነዳጅ በማፋጠኛ እናብጅ ብለው ሲያስቡ፣ አዲስ መንገድ የጠረጉ ቢመስላቸውም በእውነቱ ወደ መነሻው ተመለሱ እንጂ ከዚያ አልራቁም።

በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው የምሻው ግን የመኪናውን ብልሃት ብቻ አይደለም። ሃይማኖት ያለው ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ በልቡ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም፣ ሰው በምድር ማኅፀን ተዘጋጅቶ ያላገኘውን ነገር በጥበቡ ሲያስገኝ በፈጣሪ ሥራ ላይ እጁን ዘረጋ ወይስ ከተሰጠው ሥልጣን ሳይወጣ ሠራ? የሚለው ነው። ጥያቄው ከድንጋጤና ካለማወቅ የመጣ ነው ብለው የሚንቁት አሉ። እኔ ግን የሚናቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም የሥራውን ልክ ለማወቅ አስቀድሞ የሠራተኛውን ልክ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሠራተኛው ማን እንደ ሆነ ያልጠየቀ ሰው ደግሞ ሥራው እስከ ምን ድረስ እንደሚያስጠይቀው ሊያውቅ አይችልም።

የቤተ ክርስቲያናችን መምህራን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ፣ አክሲማሮስንም ሲተረጕሙ፣ ፍጥረት የተገኘበትን መንገድ በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ማለት ካለመኖር ወደ መኖር የመጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው ግብር እምግብር፣ ማለት አስቀድሞ ከተፈጠረው የተገኘው ነው። አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ እሳትና ነፋስ፣ ውኃና መሬት፣ በፊተኛው መንገድ መጡ፤ ዕፅዋትና እንስሳት፣ ሰውም በሥጋው፣ በኋለኛው ተገኙ። ሁለቱም የአንዱ ፈጣሪ ሥራዎች ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ ሰው ገባሪ አይደለም። ነገር ግን በኋለኛው መንገድ ፍጡር ከፍጡር እንዲገኝ ሥርዐት ስለ ተሠራ፣ ገበሬው ከዘር አዝመራ፣ አንጥረኛው ከድንጋይ ብረት፣ ባለ መድኃኒቱ ከቅጠልና ከሥር ፈውስ የሚያገኝበት በር የተከፈተው በዚያ በኩል ነው። ሰው በዚህ በር ሲገባ ሥርዐቱን አይሠራም፤ በተሠራው ሥርዐት ይጠቀማል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በቺካጎ የተመዘነው ትቢያ ያለ ጥርጥር ግብር እምግብር ነው። ከመሬት የሚወጣው ዩራኒየም ከሺህ እጅ 993ቱ ያህል በማብላያ ውስጥ በቀላሉ የማይነድደው ዩራኒየም 238 ሲሆን፣ የሚነድደው ዩራኒየም 235 ከሺህ 7 እጅ ብቻ ነው። ነገር ግን ያ የማይነድደው ወገን አንድ ኒውትሮን ቢውጥ ዩራኒየም 239 ይሆናል፤ የዚህም እኩሌታ በ23 ደቂቃ ተኩል ገደማ ወደ ኔፕቱኒየም ይለወጣል፤ የኔፕቱኒየሙም እኩሌታ ከሁለት ቀን ከጥቂት ሰዓት በኋላ ፕሉቶኒየም 239 ይሆናል፤ እርሱም ይነድዳል። በሕንድ በኬረላ የባሕር ዳር አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቶሪየምም እንዲሁ ነው፤ ኒውትሮን ሲውጥ በ22 ደቂቃ እኩሌታው ፕሮታክቲኒየም፣ ከዚያም በ27 ቀን እኩሌታው ዩራኒየም 233 ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው ድርሻ ኒውትሮኑን ማምጣት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን 23 ደቂቃም ሆነ 27 ቀን ሊያሳጥረው አይቻለውም፤ ቢቸኵልም መጠበቅ ግዴታው ነው፤ ቢተኛም ለውጡ ሳይፈጸም አይቀርም። ሕጉ ከሰው በፊት የነበረ ነው፤ ሰው ያደረገው ቢኖር ሕጉ ወደሚሠራበት ስፍራ ቅንጣቲቱን መላክ ነው። ስለዚህ «ሰው ፈጣሪ ሆነ» ብሎ የሚመካውም፣ «ሰው የፈጣሪን ዙፋን ተጋፋ» ብሎ የሚደነግጠውም፣ ሁለቱ ባንድነት የሰውን ሥራ ከልኩ በላይ ከፍ ያደርጉታል።

ኒውትሮን የሚመጣበት መንገድ ሁለት ነው። በማብላያ ውስጥ አንዱ አቶም ሲሰነጠቅ ኒውትሮን ይለቃል፤ ያም ሌላውን ይሰነጥቃል፤ እንዲህ እያለ በራሱ ይቀጥላል። በማፋጠኛው መንገድ ግን ፕሮቶኖች እጅግ ብርቱ በሆነ ፍጥነት ተወርውረው እንደ እርሳስ ያለውን ከባድ ብረት ሲመቱ፣ የእርሳሱ አቶም እምብርት ይፈራርስና ኒውትሮኖቹን ይበትናል፤ እነዚያም በዙሪያው የተቀመጠውን ዩራኒየም ወይም ቶሪየም ያገኙታል።

ይህን በታላቅ መጠን ለመሥራት የታሰበው በፍርሃት ወራት ነበር። ሶቪየት ኅብረት በ1949 ኦገስት 29 ቀን የመጀመሪያውን የአቶም ቦምብ በፈተነች ጊዜ፣ አሜሪካ የቦምብ መሥሪያ ዩራኒየሟን በብዛት የምታገኘው ከባሕር ማዶ፣ ይልቁንም በቤልጅግ ኮንጎ ካለው ከሺንኮሎብዌ ማዕድን ነበር። ጦርነት ቢነሣ፣ የባሕሩም መንገድ ቢዘጋ ምን ይሆናል? የሚለው ሐሳብ ባለሥልጣኖቹን አስጨነቃቸው። ሎውረንስም መፍትሔ አቀረበ፤ ዩራኒየም 235 ተለይቶ ከወጣለት በኋላ እንደ ግርድ ተከማችቶ የቀረውን ዩራኒየም 238 በታላቅ ማፋጠኛ ደብድበን ወደ ፕሉቶኒየም እንለውጠው አለ። ከበርክሊ ወዲያ በሊቨርሞር፣ የባሕር ኀይል አብራሪዎች ይሠለጥኑበት በነበረው ባዶ ሰፈር፣ የመኪናው የመጀመሪያ ክፍል ተሠራ። አየር የሚወጣለት የብረት ጋኑ ከጎን እስከ ጎን 18 ሜትር ገደማ ነበር፤ ቅንጣቶቹ የሚፋጠኑበት ያ የብረት ዋሻ ሙሉ ቤት ከነጣሪያው የሚያስቀምጥ ነው። ስሙንም «የዕቃ መፈተኛ ማፋጠኛ» አሉት፤ ስሙ ዓላማውን የሚሰውር ነበር።

የዚህ መኪና ፍጻሜ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በዚያው ጊዜ የአሜሪካ የአቶም ኀይል ኮሚሽን በገዛ አገሩ ዩራኒየም ለሚያገኝ ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋና ሽልማት እሰጣለሁ ብሎ ዐወጀ። ብዙ ሰው ወደ ኮሎራዶ አምባ ምድረ በዳ ወጣ፤ በ1952 ቻርልስ ስቲን የተባለው የማዕድን ፈላጊ በዩታ ታላቅ ክምችት አገኘ፤ ሌሎችም ተከታተሉት። አለቀ የተባለው፣ አይገኝም የተባለው ዩራኒየም ከእግራቸው በታች ተገኘ። ያን ጊዜ ማፋጠኛው በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር ከፈሰሰበት በኋላ ተተወ፤ በሰፈሩም ላይ የሃይድሮጅን ቦምብ የሚታሰብበት የሊቨርሞር ላቦራቶሪ በ1952 ተመሠረተ።

ይህን ታሪክ የሚያነቡ መሐንዲሶች የሚያተኵሩት በዋጋው ላይ ነው፤ ማዕድኑ ረከሰ፣ መኪናው ተወደደ፣ ስለዚህ ቀረ ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔን ግን የበለጠ የሚያሳስበኝ መኪናው እንዲጸነስ ያደረገው ነገር ነው። አባቶች የሰው ሥራ በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር እንደሚመረመር ሲያስተምሩ፣ ገቢሩ ከመታየቱ አስቀድሞ በሐልዮ ውስጥ መልኩን እንደሚይዝ ማሳሰባቸው ነው። የሊቨርሞሩ መኪና በሐልዮ የተያዘው በችግር ሳይሆን በሥጋት ነበር፤ የመብራት እጦት አላሠራውም፣ የባላጋራ መኖር እንጂ። ሥጋት ሁሉ ኀጢአት ነው አልልም፤ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው መሥጋቱ ይገባዋል። ነገር ግን ሥጋት ያዘዘው ሥራ ከፊቱ የሚያየው የሚያፈራውን ብዛት ብቻ ነው፤ ከብዛቱ በኋላ የሚመጣውን አያሰላም። በዚያ ዕቅድ ውስጥ ስንት ፕሉቶኒየም በወር ይገኛል የሚለው ተሰልቷል፤ የተገኘው ፕሉቶኒየም በማን እጅ፣ እስከ መቼ ይጠበቃል የሚለው ግን ከስሌቱ ውጭ ነበር። ስለ ሎውረንስ ነፍስ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ብዙዎች ከካንሰር ሕመም የሚታከሙበትን መንገድ ከወንድሙ ጋር ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ ነውና። ስለ ዕቅዱ ግን መናገር ይቻላል።

ሐሳቡ ከሊቨርሞር ጋር አልሞተም። በካናዳ በቾክ ሪቨር ቤኔት ልዊስ የተባለው ሊቅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ማፋጠኛ ለሰላማዊ ማብላያ ነዳጅ ሊያበጅ እንደሚችል አስተማረ፤ በ1960ዎቹም ፕሮቶኖችን በ1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኀይል ቀልጦ በሚፈስስ እርሳስና ቢዝመት ላይ የሚወረውር መኪና እንዲሠራ ጥያቄ ቀረበ። የካናዳ መንግሥት ወጪውን አይቶ በ1968 ሰረዘው። የወጪውን ነገር ለመረዳት ጥቂት ሒሳብ ይበቃል። አንድ እንዲህ ያለ ፕሮቶን ወፍራም እርሳስ ሲመታ ከ20 የሚበልጡ ኒውትሮኖች ይበተናሉ፤ 25 ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ኒውትሮን ሳይባክን አንዳንድ የሚነድድ አቶም ቢያበጅ፣ ያም አቶም ሲነድድ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሙቀት ቢሰጥ፣ ድምሩ 5 ቢሊዮን ይሆናል። ከዚህ ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ሢሶው ያህል ነውና 1.7 ቢሊዮን እንኳ አይሞላም። ፕሮቶኑን ለመወርወር ግን ከመስመር የሚሳበው ኤሌክትሪክ ከፕሮቶኑ ኀይል እጥፍ ያህል ቢሆን 2 ቢሊዮን ይደርሳል። በእርሳስ ብቻ የሚሠራው መኪና እንግዲህ ከሚሰጠው ይልቅ የሚበላው ይበልጣል ማለት ነው። ትርፍ የሚገኘው የተበጀው ነዳጅ ራሱን ሊተካ ጥቂት ብቻ በሚጐድለው ማብላያ ውስጥ ሲገባና ማፋጠኛው ያን ጉድለት ብቻ ሲሞላ፣ ወይም ዒላማው ራሱ በሚነድድ ነገር ሲከበብ ነው። ልዊስ የፊተኛውን መንገድ ወደደ።

የኋለኛውን የመረጠው ጣልያናዊው ካርሎ ሩቢያ ነው። እርሱ በ1984 የኖቤል ሽልማት ያገኘ፣ በጄኔቭ አጠገብ ያለውን የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት፣ ሰርን የሚባለውን፣ ከ1989 እስከ 1993 በበላይነት የመራ ሰው ነው። ከ1993 ጀምሮ እያሻሻለ ያቀረበው ሐሳብ፣ ቀልጦ በሚፈስስ እርሳስ ውስጥ ቶሪየምን አኑሮ በፕሮቶን ጨረር መደብደብ፣ ቶሪየሙም ወደ ዩራኒየም 233 እየተለወጠ በዚያው ሥፍራ እንዲነድድ ማድረግ ነበር። የዚህ ዕቅድ ልዩ ጠባዩ፣ ነዳጁ በራሱ መንደድን ለማስቀጠል እንዳይበቃ ሆኖ መዘጋጀቱ ነው፤ በአንደኛው ትውልድ 100 ኒውትሮኖች ቢኖሩ በሚቀጥለው 98 ብቻ ይወለዳሉ፣ ከዚያም እያነሱ ይሄዳሉ፤ ጨረሩ ከውጭ ካልጨመረላቸው በቅጽበት ያልቃሉ። መኪናው ሲጠፋ የመሰንጠቁ ሥራ ይቆማል።

ነጻ ፈቃድን በሚመለከት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ በዘመናችን ሥራዎች መካከል አላገኘሁም። በተለመደው ማብላያ ውስጥ መንደዱ በራሱ የሚቀጥል ስለ ሆነ የሠራተኛው ድርሻ መግታት ነው፤ ስለዚህ ክፉ ነገር በደረሰ ጊዜ ሰው «ነገሩ ከእጄ አመለጠ» ለማለት የሚችልበት ቀዳዳ አለ። በማፋጠኛው ሥራ ግን እያንዳንዷ ቅጽበት የሰውን ፈቃድ ትጠይቃለች፤ ጨረሩ የሚቀጥለው ሰው እንዲቀጥል ስለ ፈቀደ ነው፤ ማንም በተፈጥሮ ላይ ሊያሳብብ አይችልም። መሐንዲሶቹ ይህን የደኅንነት ብልሃት ብለው ያመሰግኑታል። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ ሆኖ አየዋለሁ፤ ሠሪው ከሥራው ጀርባ እንዳይሸሸግ የሚያደርግ ነገር ነውና።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ፈቃድን መመለስ የሠሩትን መመለስ አይደለም። በ2011 በጃፓን በፉኩሺማ ምድር በተናወጠች ጊዜ ይሠሩ የነበሩት ማብላያዎች ወዲያውኑ ተዘግተው ነበር፤ የአቶሞቹ መሰነጣጠቅ ቆሟል። ሆኖም ቀድሞ ከተሰነጠቁት አቶሞች የሚወጣው ሙቀት አልቆመም፤ መናወጡ ያስነሣው የባሕር ማዕበል የማቀዝቀዣውን ኀይል በወሰደው ጊዜም ሦስት ማብላያዎች ቀለጡ። በማፋጠኛ የሚሠራውም ምድጃ ከዚህ ሕግ ነጻ አይደለም። የተበጀው ነገር አበጂው ከተጸጸተ በኋላም ይኖራል።

ስለዚህ ጥያቄው ከመነሻው ተለውጦ ይመለሳል። በኦሪት እንደ ተጻፈው ሰው በገነት ሲኖር የተሰጠው አንድ ሥራ አልነበረም፤ ሁለት ነበር፤ እንዲያበጃት፣ እንዲጠብቃትም። ሁለቱ ተያይዘው ተሰጡ፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አልተፈቀደለትም። ስለ ማፋጠኛና ስለ ነዳጁ የሚነሣው ሃይማኖታዊ ጥያቄ ሁሉ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ በማበጀቱ በኩል ሳይሆን በመጠበቁ በኩል ነው የሚፈታው። ሰው ግብር እምግብር እንዲሠራ ሥልጣን አለው፤ ሥልጣኑ የሚደርሰው ግን ጠባቂነቱ እስከሚደርስበት ድረስ ነው። ሊጠብቀው የማይችለውን የሚያበጅ ሰው ኀጢአቱ የፈጣሪን ሥራ መቀማቱ አይደለም፤ የተሰጠውን አደራ ማጕደሉ ነው።

የጠባቂነቱስ ልክ ስንት ነው? የፕሉቶኒየም 239 እኩሌታ የሚጠፋው በ24,100 ዓመት ነው፤ የእኩሌታው እኩሌታ ደግሞ ሌላ 24,100 ዓመት ይፈልጋል። ናጋሳኪን ባጠፋው ቦምብ ውስጥ የነበረው ፕሉቶኒየም 6 ኪሎ ገደማ ነበርና፣ መጠበቅ ያለበት ነገር በከረጢት የሚያዝ ያህል ትንሽ፣ ዘመኑ ግን ከጽሕፈት ታሪክ ሁሉ የረዘመ ነው። ዩራኒየም 233 ዕድሜው ከዚህም ይበልጣል፤ ለቦምብም እንደሚሆን አሜሪካ በ1955 በኔቫዳ በረሓ ፈትናዋለች። በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ከ1,300 ዓመት ያላነሰ ዕድሜ እንዳላቸው ብራናው ተመርምሮ ታውቋል። እነዚያን መጻሕፍት እሳትና ጦርነት፣ ምስጥና ዝናም እያሳደዳቸው፣ አንዱ መነኩሴ ለሌላው እያስረከበ ለዚህ ዘመን አድርሷቸዋል። ይህም የሰው ልጅ በጠባቂነት ሊደርስበት ከቻለው እጅግ ከፍ ያለው ማዕርግ ነው፤ የሚጠብቁትን ይወዱት ነበርና፣ ለምን እንደሚጠብቁትም ያውቁ ነበርና። ፕሉቶኒየም የሚፈልገው ጥበቃ ግን የዚህን ዘመን 18 እጥፍ አልፎም አያበቃም፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ማንም ለማይወደው ነገር ነው።

መሬት ራሷ ይህን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርታዋለች። በ1972 በጋቦን በኦክሎ ከተቈፈረው ዩራኒየም ውስጥ 235ቱ ከሚገባው ያነሰ ሆኖ በተገኘ ጊዜ፣ የፈረንሳይ ሊቃውንት ምክንያቱን ፈልገው ወደ ሁለት ቢሊዮን ከሚጠጉ ዓመታት በፊት በዚያ ሥፍራ ማዕድኑና ውኃው ተገናኝተው በራሳቸው የኑክሌር ማብላያ እንደ ሆኑ ደረሱበት። ያን ጊዜ የሚነድደው ዩራኒየም ከመቶ 3 እጅ ያህል ነበርና መንደዱ ያለ ሰው እጅ ተቻለ፤ ፕሉቶኒየምም በዚያ ተገኝቶ ነበር። ሰው ከእርሱ በፊት ያልነበረ ነገር ሠራሁ ብሎ የሚኰራበት ነገር እንግዲህ በአፍሪካ ምድር ውስጥ ከእርሱ በፊት ተሠርቷል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ጥበቃው ነው፤ ያ ፕሉቶኒየም በተገኘበት ድንጋይ ውስጥ እንዳለ፣ ከስፍራው ብዙ ሳይርቅ፣ ዕድሜውን ጨርሶ ጠፋ። ማበጀቱም መጠበቁም በአንድ ስፍራ ተፈጸመ። የስዊድንና የፊንላንድ ሊቃውንት የማብላያዎቻቸውን ዝቃጭ በጥልቅ ዐለት ውስጥ ለመቅበር ሲያስቡ፣ እንደ ኦክሎ ያለው ምስክርነት ከሚያበረታታቸው ነገር አንዱ ነው።

ይህን ያየ ሰው፣ «እንግዲያውስ ነገሩ ሁሉ ይቅር፤ ያልተከፈተውን አትክፈቱ» ቢል አልፈርድበትም። ነገር ግን በማብላያዎች ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ የተበጀው ፕሉቶኒየም ከሁለት ሺህ ቶን በላይ ሆኖ በየመጋዘኑና በየውኃ ገንዳው ተቀምጧል። ይህ ከእንግዲህ የሚደረግ ነገር አይደለም፤ ተደርጓል። አትንኩት ማለት ከኀላፊነት መራቅ እንጂ ንጽሕና ሊሆን አይችልም። እዚህ ላይ ነው ማፋጠኛው ሌላ መልክ የሚያሳየው። ነዳጅ የሚያበጀው ያው የኒውትሮን ውርጅብኝ፣ በፊቱ ቶሪየም ሳይሆን ከጥቅም የወጣው ነዳጅ ቅሪት ቢቀመጥለት፣ ዕድሜ ረዥሙን መርዝ ሰነጣጥቆ ዕድሜው ወደሚያጥር ነገር ይለውጠዋል። የሐሳቡ ደጋፊዎች በመቶ ሺህ ዓመታት የሚቈጠረው ጥበቃ ወደ ሦስት መቶ ዓመታት ሊወርድ ይችላል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋው ሙሉ በሙሉ ባይፈጸም እንኳ፣ አሳቡ የጥበቃን ዘመን ለሰው ዐቅም ወደሚበቃ ልክ ማውረድ ስለ ሆነ፣ ከሊቨርሞሩ ዕቅድ ጋር በአንድ ሚዛን ሊቀመጥ አይገባውም። አንዱ የልጅ ልጆችን አደራ ሳይጠይቃቸው የሚያበዛ ሲሆን፣ ሌላው አባቶች ያኖሩባቸውን ሸክም ለማቃለል የሚደክም ነው።

በቤልጅግ በሞል ከተማ ሚራ በሚባል ስም የሚሠራው መኪና የዚህ ሁለተኛው ወገን ነው። ፕሮቶኖቹን በመጨረሻ ወደ 600 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ሊያደርስ ታስቧል፤ የመጀመሪያው ክፍል 100 ሚሊዮን የሚያደርስ ነው፤ የቤልጅግ መንግሥትም በ2018 እስከ 2038 ለሚደርስ ጊዜ 558 ሚሊዮን ዩሮ መደበለት። ለመኪናው የተቀመጠው መስፈርት ጥብቅ ነው፤ ጨረሩ ከሦስት ሴኮንድ በላይ ተቋርጦ የሚቆይበት ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ ከ10 እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ ሙቀቱ ድንገት በወደቀና በተነሣ ቍጥር የምድጃው ብረት ይጐዳልና። ይህን ያህል ጥንቃቄ ለሦስት ሴኮንድ የሚያደርጉ ሰዎች መሆናቸው ያስደስተኛል። የምመኝላቸው፣ ከእነርሱም በኋላ በቻይናም ሆነ በሕንድ ይህን መንገድ ለሚከተሉ ሁሉ የምመኝላቸው፣ ያንኑ ጥንቃቄ ለሦስት መቶውም ዓመት እንዲያደርጉት ነው፤ ከጨረሩ መሐንዲሶች ጋር ጐን ለጐን የጠባቂዎች ሹመት እንዲቆም፣ ለዚያም የሚሆን ገንዘብ መኪናው ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ ተለይቶ እንዲቀመጥ፣ ወጣቶችም ይህን ሞያ እንደ ክብር ሥራ ቈጥረው እንዲማሩት፣ በቪየና ያለው የአቶሚክ ኀይል ኤጀንሲም የሚበጀውን እያንዳንዱን ግራም ከተበጀበት ቀን ጀምሮ በመዝገብ እንዲይዘው እመኛለሁ።